ቀለሙ ከሞለኪውሉ ይጥራ እንጂ በማጣሪያ አይሁን

ስልክ ልንገዛ ስንሄድ ሻጩ «ኦሌድ ነው፣ ቀለሙ ልዩ ነው» ይለናል። እውነቱን ነው። ግን ያ ቀለም በምን ዋጋ እንደሚጠራ ማንም አይነግረንም።

በስክሪኑ ውስጥ የሚያበራው ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው (ኦርጋኒክ ስል በካርቦን የተሠራ ማለቴ ነው፤ ማዳበሪያ ያልነካው ጎመን አይደለም)። ችግሩ ሞለኪውል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኤሌክትሮኑ ከከፍተኛ ጉልበት ሲወርድ የአቶሞቹ ትስስር ይለጠጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑም ይሰፋል። ሰማያዊ ስትጠብቁ አረንጓዴ አስከትሎ ይመጣል። የተለመደው መፍትሔ ትርፉን በማጣሪያ መቁረጥ ነው። የሚቆረጠው ብርሃን ግን ከባትሪያችሁ የወጣ ነው! እብቅ የበዛበት ጤፍ በውድ ገዝቶ ሲነፉ እንደመዋል።

በ2016 ጃፓናዊው ታኩጂ ሃታኬያማና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ። ቦሮንና ናይትሮጅንን በማይታጠፍ የቀለበቶች አጽም ውስጥ አሰሯቸው። አንዱ ኤሌክትሮን ይስባል፣ ሌላው ይሰጣል፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚሄደው ከአቶም ወደ ጎረቤት አቶም ብቻ ነው። አጽሙ እምብዛም አይናጋም፣ ብርሃኑም አይሰፋም። በ2019 ያወጡት ኒው-ዳብና በፈሳሽ ሟሙቶ ሲለካ የስፔክትረሙ ስፋት 14 ናኖሜትር፣ በመሣሪያው ላይ 18 ናኖሜትር ሆነ፤ ጫፉም 469 ላይ። የአልትራ ኤችዲ መስፈርት ለሰማያዊ የሚጠይቀው 467 ነው። ያለ ማጣሪያ! ለእኔ ይሄ ከዘመኑ ውብ የኬሚስትሪ ሥራዎች አንዱ ነው።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በመጣው ፉክክር ላይ ነው። ሁሉም ሰው ስፋቱን በአንድና በሁለት ናኖሜትር ለማጥበብ ይሯሯጣል። እነዚህ ሞለኪውሎች ግን ጠፍጣፋ ናቸው፤ በዛ ሲሉ እንደ እንጀራ ይደራረቡና ብርሃናቸው መልሶ ይሰፋል፣ ይደበዝዛል። ደግሞም ብዙዎቹ ትሪፕሌት የሚባለውን የጉልበት ሁኔታ ወደ ብርሃን የሚመልሱት በዝግታ ነው። ብሩህነቱ ሲጨመር ትሪፕሌቶቹ ይከማቻሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ሞለኪውሉንም ይሰብሩታል። ሰማያዊ ፒክስል ቀድሞ የሚያረጀው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው። የዕድሜ ልኬት የሌለው የ«ጠባብ ሰማያዊ» ጽሑፍ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው፤ ገምጋሚ ብሆን እመልሰዋለሁ።

ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆቼ፣ ቤተ ሙከራው ባይሟላም በኮምፒውተር ስሌት የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ብቻ አንድ ነገር አደራ፦ በላፕቶፕ የሚያልቀው ርካሹ ቲዲ-ዲኤፍቲ የእነዚህን ሞለኪውሎች የሲንግሌትና የትሪፕሌት ልዩነት አጋንኖ ነው የሚሰጠው። በሱ ብቻ ተማምናችሁ ጥሩ ሞለኪውል እንዳትጥሉ። በከብልድ ክላስተር ደረጃ አረጋግጡ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ የገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።