የሮቢ ውሃ የዘነበው የት ነው?

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ከ«አነቃቂ ንግግር» ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ሰሞኑን ጠቡን ያገረሸው ንግግሩ ከአዳራሽ አልፎ ዓውደ ምሕረት ላይ መውጣቱ ነው። ሰባኪው ጥቅስ ያነብና ወዲያው «ሕይወትህን የምትሠራት አንተው ነህ፤ ራስህን እመን» ይላል፤ ምእመኑም ያጨበጭባል። ሠርቶ ማደር ስለተመሰገነ አልቆጣም። የሚያናድደኝ ክርስትና ከጥንት ጀምሮ ሲቃወመው የኖረው ነገር በክርስትና ስም መሸጡ ነው። ክርስቲያን የሚኖረው በእምነት ነው፤ የገዛ ብርታቱን ተመርኩዞ አይደለም። ውሃ በቧንቧ በሚመጣበት ከተማ ይህን መርሳት ይቀላል። በጣርማ በር አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ለሚመለከት ሰው ግን ማስረጃው ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል።

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ታች ያለው ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙም አይርቅም። በዚያ ቆላ ገበሬው የበልጉን ዝናብ ጠብቆ ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልገውን ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከከዳው ማሳውን ገልብጦ በክረምቱ ጤፍ ወይም ማሾ ይተካበታል። ስንፍና የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ ዘሩን፣ ወቅቱን፣ የአፈሩን ጠባይ አንድ በአንድ ያውቃል። ያ ሁሉ ዕውቀት ግን አንዲት ደመና አያዝም። በ1977ቱ ድርቅ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ያን ዓመት ገበሬው የተራበው በራሱ መተማመን አቅቶት ኖሯል? የስኬት ሰባኪዎቻችን ይህን ጥያቄ ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም። ትምህርታቸው የሚሠራው ዝናቡ በጊዜው ለመጣለት ሰው ብቻ ነውና።

«መስኖ ያለውስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለማው ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ ቦዩን ይከፍታል፤ ፓምፑን ያስነሳል። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ላይ ሙሴ የግብፅን እርሻና ሕዝቡ የሚገባባትን ምድር ያነጻጽራል፤ አንዱ በሰው ድካም የሚጠጣ፣ ሌላዋ ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ። እግዚአብሔር ሕዝቡን የወሰደው ቦይ ወዳለበት ሳይሆን ዓመት ዓመት ቀና ብሎ ወደሚለምንበት ተራራማ አገር ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከንጽጽሩ ጀርባ ሌላ ነገር ይታየናል። ያ ራሱን የቻለ የሚመስለው የግብፅ መስኖ የሚጠጣው አብዛኛው ውሃ የእኛ ደጋ ላይ የዘነበ ነው። የግብፅ ገበሬ ያላየው ዝናብ ያበላዋል። የሸዋ ሮቢቱም እንደዚያው ነው፤ የሮቢ ወንዝ ውሃ የሚነሳው እላይ ከተራራው ነው። ፓምፑ የሚስበው ሌላ ሰው ደጅ ላይ የወረደውን ዝናብ ነው። ስለዚህ መስኖ ልመናን አያስቀርም፤ ከዓይን ያርቀዋል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ እምነት ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጣል ይላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኒቱን የዘመን አቆጣጠር አላዩትም። ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ሲገባ የመጀመሪያው ክፍል የሚታሰበው በዘርዕና በደመና ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ። ዘር የሰው ድርሻ ነው፤ ደመና ግን አይደለም። ቅዳሴው ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ የሚለምነውም ገበሬው አርሶና አለስልሶ ለጨረሰው መሬት ነው። በእምነት መኖር ማለት ይኸው ነው፤ የአቅምን ሠርቶ ውጤቱን የእኔ ነው አለማለት። ዘር ሳይዘራ ተአምር ስለሚሸጠው «ነቢይ» ሌላ ጊዜ ብዙ ብያለሁ፤ እሱም የስኬት ሰባኪው ወንድም ነው። አንዱ በጉልበቱ፣ ሌላው በመባው እግዚአብሔርን ባለዕዳ ሊያደርገው ይሞክራል።

ለነገሩ በራስ መመካትን የሚያጋልጠው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ጥጋብም ያጋልጠዋል። ሽንኩርቱ አምሮ የወጣ ጊዜ የጎረቤትም አምሮ ይወጣል፤ ሁሉም አንድ ሰሞን ገበያ ሲያወርደው ዋጋው ይወድቃል። ሐዋርያው ያዕቆብ ነጋ ጠባ ትርፉን እያሰላ የነገን ሕይወቱን ግን የማያውቀውን ነጋዴ የገሠጸው ለዚህ ነው፤ ንግዱን አልከለከለም፤ ነገን እንደ ንብረቱ መቁጠሩን ነው የነቀፈው።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ሰባኪዎቹ ብዙም አይናገሩትም። ውሃው ስጦታ ከሆነ ከላይ ያለው ሰው የታችኛውን ሊያስጠማው መብት የለውም። በመስኖ አካባቢ የውሃ አባት ተመርጦ ተራ የሚያስጠብቀው፣ ውሃ የማንም የብቻው ጉልበት ውጤት እንዳልሆነ ስለሚታወቅ ነው። የይፋት ሙስሊምና ክርስቲያን ዝናብ ሲጠፋ አንዱ በዱዓ፣ ሌላው በምህላ ወደ አንድ ሰማይ ይጮኻሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ቦዩ ላይ ይጣላሉ። ምንጮቹን የሚጠብቀው የወፍ ዋሻ ደንም በምሳር ሲጎዳ ዝናብ ከሚለምነው ሰው ብዙ ተቃውሞ አይሰማም። እንግዲህ በጣርማ በር ወረዳና በቀወት ለምታገለግሉ ካህናትና ሰባክያን አንድ ልመና አለኝ፦ በሚቀጥለው ሰንበት «ራስህን እመን» የሚለውን ተዉትና ስለ ውሃ ተራ አስተምሩ፤ በሌሊት የጎረቤቱን ቦይ የሚዘጋ ሰው እፊታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።