አርባ ፈረስ ጣና ላይ አርባ አይደለም

አትላስ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጀልባ ሞተር መምረጥ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያለችን፣ እንግዳ ወደ ዘጌ የምታመላልሰው ጀልባ ያረጀ ሞተሯን መቀየር ግድ ሲሆን ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ ፈረዱ፦ «ስልሳ ፈረስ ጫንባትና ተገላገል!» እኔ ግን አርባው ይበቃል ባይ ነኝ፤ ነገሩም የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተሰላው ደግሞ አየሩ ጥቅጥቅ ላለበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 40 የተባለው ጣና ላይ 33 ገደማ ነው፤ 60 የተባለውም ወደ 50 ይወርዳል። ይህን ስነግራቸው «አየህ፣ ለዚህ እኮ ነው ትልቁን ግዛ የምንልህ» አሉኝ። ሒሳቡ እዚያ ቢያልቅ እውነት ነበራቸው። ከፍታው ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ ክብደቱን አይቀንስም።

የድሮው ባለ አርባ ፈረስ ቱ ስትሮክ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። የዛሬው ባለ አርባ ፎር ስትሮክ አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ስልሳው ኩንታሉን ከአሥር ኪሎ በላይ ያልፈዋል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው ጀልባዋ የኋላ ጫፍ ላይ ነው። ተሳፋሪን ወደፊት ጠጋ በል ይሉታል፤ ሞተር አይጠጋም።

ወንድሜ በቃል አልተከራከረም። ሰው አሳፍሮ፣ በአሮጌው ሞተር ውሃው ከኋላ የደረሰበትን በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ ሞተሩን አውርዶ በስልሳው ልክ የተመዘነ አሸዋ በከረጢት አንጠለጠለና እንደገና አሰመረ። ልዩነቱ ሁለት ጣት ነው። «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይቺ ሁለት ጣት የት እንደምትገባ እኔ ነኝ የማውቀው» አለኝ።

ደግሞ እምቦጭ አለ። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም፣ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበውን ቀዳዳ ሲደፍን፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ላይ ማንሳትና በእጅ መንቀል የግድ ነው። ስልሳው በኤሌክትሪክ ይነሳል ይሉኛል። ባትሪው የደከመ ዕለትስ?

ታዲያ ቀላሉን ቱ ስትሮክ ለምን አትገዛም የሚል አይጠፋም። ዘይት ከቤንዚን ጋር አቃጥሎ ቅሪቱን ውሃው ውስጥ የሚተፋ ሞተር፣ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ባዮስፌር ብሎ በመዘገበው ሐይቅ ላይ አዲስ አድርጎ መግጠም ለእኔ አይዋጥልኝም። ፎር ስትሮክ ነዳጅም ይቆጥባል። ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ቤንዚን 18 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ አንድ ጄሪካን ባስቀረን ቁጥር ሞተሩ ከጨመረብን ክብደት አብዛኛው ይካካሳል። የቀረውን ጄሪካን ደግሞ ወደፊት መግፋት ይቻላል።

የጠፋውን ጉልበት የሚመልስ የለም፤ የቀረውን በደንብ የሚያሠራ ግን አለ፤ ፕሮፔለር ነው። ፒቹ ከፍ ያለ፣ ማለትም በአንድ ዙር ውሃውን ብዙ የሚገፋ ፕሮፔለር በቀጭን አየር ሞተሩን ያፍነዋል፤ ሞተሩም የሚገባውን ዙር ሳይደርስ ያቃስታል። አንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፒች ሲገጠምለት ይተነፍሳል። ከስልሳው ጋር ሲተያይ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። ሙሉ ጭና ውሃውን እየከፈለች ለምትሄድ የእኛን መሰል ጀልባ፣ ትርፍ ጉልበት ኋላዋን አስጎንብሶ ማዕበል ከማስነሳት በቀር ፍጥነት ብዙም አይጨምርላትም። ማዕበሉም አጠገቧ በታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው ያናውጠዋል።

ሞተር አስመጪዎች፣ ለእናንተ ጥያቄ አለኝ። ከፈረስ ጉልበቱ ጎን ኪሎውን በጉልህ ጻፉልን፤ ለጣና፣ ለሐዋሳና ለላንጋኖ የሚሆን ዝቅ ያለ ፒች ያለው ፕሮፔለርም ከሞተሩ ጋር አስመጡልን።