ጨለማውን ተውልን

አንድ የጥንት አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ታድሶ በወጣ ቁጥር «ሥዕሉ እንዴት ጠራ!» እያሉ ከሚያጨበጭቡ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም፡፡ ፍርሃት ከጥራት አይወለድም፡፡

የጃፓኑ ካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል 2»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ የመሣሪያው አቅም ውሱን ነበር፡፡ ካሜራው በየክፍሉ ጥግ ተተክሎ ስለሚቀር ተጫዋቹ ከመታጠፊያው ወዲያ የቆመውን ሙት አያይም፡፡ ቀጣዩ ክፍል እስኪዘጋጅም በጨለማ ውስጥ አንድ በር ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፡፡ ያ ድክመት የፍርሃቱ እናት ነበር! በ2019 የታደሰው ግን ካሜራውን ከተጫዋቹ ትከሻ ኋላ አመጣው፤ የበሩንም ጥበቃ አስቀረው፡፡

«ታዲያ አዲሱ አያስፈራምን?» ትሉኝ ይሆናል፡፡ ያስፈራል፤ በሥዕሉ ጥራት ግን አይደለም፡፡ የሚያርበደብደው ከግድግዳው ወዲያ እየቀረበ የሚሰማው የግዙፉ አሳዳጅ ኮቴ ነው፡፡ ያልታየው!

ይህን ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ገጠር ልጅ ማስረዳት አያሻም፡፡ በክረምት ሌሊት ከጓሮ የሚጮኸው ጅብ የሚያስፈራው ድምፁ ብቻ ሲሰማ ነው፤ ነግቶ ሲታይማ እያነከሰ የሚሸሽ አውሬ ነው፡፡ በቅኔ አገር ላደግን ለእኛስ ወርቁ የሚጣፍጠን በሰሙ ስለ ተሰወረ አይደለምን?

አዳሾች ሆይ፣ ሥዕሉን አጥሩት፤ ጨለማውን ግን ተውልን!