ዲሲም ድምፅ ይገባታል

ታክስ እሠራለሁ። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ቢሮዬ ከሚመጡት ብዙዎቹ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ናቸው፤ አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ሌላው ከወሰኑ ማዶ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ለሁለቱም የምሞላው የፌዴራል ቅጽ 1040 ነው። የራስ ሥራ ታክሱም ለሁለቱም 15.3 በመቶ ነው። ዜግነት ወስደው ከሆነ ግን የሜሪላንዱ ሁለት ሴናተሮችና ድምፅ የሚሰጥ የኮንግረስ ተወካይ አለው። የዲሲው አንድም ሴናተር የለውም። ኤሊኖር ሆምስ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1991 ዲሲን ወክለው የተወካዮች ምክር ቤት ገቡና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲናገሩ፣ ረቂቅ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ሕጉ ሊጸድቅ ድምፅ ሲቆጠር ግን የእሳቸው አይቆጠርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ፌዴራሊዝም ነው። ሕገ መንግሥቱ ውክልናን የሰጠው ለስቴቶች ነው፦ ትንሽም ትሁን ትልቅ ለእያንዳንዷ ሁለት ሴናተር፣ በሕዝብ ቁጥር ደግሞ ከ435ቱ የተወካዮች ወንበር ድርሻዋን። ዋና ከተማዋ ከስቴቶች ውጭ እንድትሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በ1783 የሆነው ነው። ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ኮንግረሱን ሲከቡ የፔንሲልቬኒያ መንግሥት ጦር አላዝም አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መንግሥት ለገዛ ጥበቃው የሌላ እጅ ማየት የለበትም። ለዚያ ሲባል ግን በ2020 ቆጠራ 689,545 የሆነ ሕዝብ ያለ ድምፅ መቅረት አልነበረበትም። ዋዮሚንግ በዚያው ቆጠራ 576,851 ሰው ይዛ ሁለት ሴናተር አላት። የእኛዋ አዲስ አበባም የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት፣ ተጠሪነቷም ለእሱ ነው፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን 23 ወንበር አላት።

ድምፅ ማጣት ኪስም ይነካል። በማርች 2025 ኮንግረስ ያጸደቀው ጊዜያዊ የበጀት ሕግ ዲሲን ወደ ቀደመው ዓመት የወጪ ጣሪያ መልሶ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳትጠቀም ከለከላት። ገንዘቡ ደግሞ በአብዛኛው ከተማዋ ከራሷ ነዋሪዎች የሰበሰበችው ነበር! ሴኔት ማስተካከያ ቢያሳልፍም የተወካዮች ምክር ቤት አላነሳውም።

ዲሲ ስቴት ብትሆን ዴሞክራቶች ሁለት ሴናተር ያተርፋሉ ይባላል። እውነት ነው፤ ከከተማዋ መራጭ ከአሥሩ ዘጠኙ የእነሱ ነው። ግን መብት የሚሰጠው ሰው ማንን እንደሚመርጥ ታይቶ ነው እንዴ? በ2021 ዲሲን ስቴት የሚያደርገው ረቂቅ በ216 ለ208 ድምፅ የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። እዚያ ዲሲዎች የሚደውሉለት ሴናተር የላቸውም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን አራት አሏችሁ፤ ደውሉላቸው።