ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ስታደርግ፣ የበካይ ጋዝ ልቀቷ እስከ 2030 ድረስ ከ2010ሩ መጠን እንዳያልፍ አቅዳ ነበር። በ2025 ደግሞ የህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ትልቅ ደስታ ነው። የዋናው መስመር ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነው።

ይህ እትም ግን ስለ ማገዶ ያበዛል። አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም እንጀራ የሚጋግረው በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ነው፤ ጭሱን የምትተነፍሰውም በአብዛኛው እናት ናት። መብራት በገባበት ሰፈርም የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ሸክሙ ይከብደዋል። የሰፈሩን መስመርና የምጣዱን ዋጋ ያላሰላ አገራዊ የኃይል ዕቅድ፣ በእኛ እምነት፣ ጎዶሎ ነው። የምትስማሙም የማትስማሙም ጻፉልን።