ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ የት ይገባል?

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በተደረገው የሥራ ግምገማ ላይ ከመምህራኖቻችን አንዱ የሰነዘሩት ሐሳብ በክፍላችን ተማሪዎች መካከል እስካሁን እያነጋገረ ነው። "ከልብ ወለድ የተወሰደ ርእስ ለመመረቂያ ሥራ ባይቀርብ እመርጣለሁ። የምታመጡልን ቅርጽ ሳይሆን የመጽሐፍ ሽፋን ነው" ነበር ያሉት። አስተያየቱ የተሰጠው በእኔ ሥራ ላይ ስለነበር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን መምህሩ ግማሽ እውነት እንደተናገሩ ገባኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሌላው ግማሽ ነው። ከመጽሐፍ መነሳት ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መጽሐፉን ይዞ መቅረት ነው ባይ ነኝ። ይህንን የተማርኩት ደግሞ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው።

የመረጥኩት መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ነበር። ለምን ብትሉ፣ የማያውቀው ሰው የለም ብዬ ነው። የመጀመሪያው ስህተቴም እዚህ ላይ ይጀምራል። ታዋቂ ነገር ከያዝኩ ግማሹን ሥራ ዝናው ይሠራልኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር አላነበብኩትም ነበር። የማውቀው በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከቤተሰቦቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስንማርም ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ አስተምረውናል። ብዙዎቻችን በዚህ እንደምንመሳሰል እገምታለሁ።

እናም ጉዱ ካሣን ልሠራ ተነሳሁ። ከፌሮና ከሽቦ አጽሙን አቆምኩ፣ ሸክላ አፈር ለበጥኩበት፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳሁት፣ ደረቱን ነፋሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ አደረግኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ደከምኩበት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የወርክሾፑ ጥበቃ በር ሊዘጉ መጥተው ቆም ብለው አዩት።

"ይሄ ማነው?" አሉኝ።

"ጉዱ ካሣ ነው ጋሼ" አልኳቸው ኮራ ብዬ።

ዞር ዞር ብለው አዩትና "አይ አንተ ልጅ! ጉዱ ካሣ እንዲህ አድርጎ አይቆምም። እሱ እኮ እያሾፈ ነው የሚናገረው። ይሄ ሰልፍ ላይ ያለ ካድሬ ነው የሚመስለው" ብለውኝ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰውየው ስለ አናቶሚ አልተናገሩም፣ ስለ ሚዛንም አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ አቋቋም ነው። በእኛ ሙያ ከአቋቋም የበለጠ ምን አለ? ጉዱ ካሣ እብድ የተባለው ሌላው ሰው አምኖ ተቀብሎ የሚኖርበትን ሥርዓት እየመዘነ፣ እያሾፈ ስለሚናገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደረቱን አይነፋም። እኔ የሠራሁት ሰው አደባባይ ላይ ካየኋቸው ሐውልቶች የተቃረመ ጀግና ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው ከመጽሐፉ የመጣው። በማግስቱ መጽሐፉን ተዋስኩና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ሸክላውን አፍርሼ ወደ በርሜሉ መለስኩት።

ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ በተቃራኒው ከማንበብ ብዛት የተበላሸ ነው። መጽሐፉን ጨርሼ ልቤ ተነክቶ ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል ልሥራ አልኩ። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ፤ ሦስቱም፣ ከነመቃብራቸው። ሰብለ ጎንበስ ብላለች፣ በዛብህ ተጋድሟል፣ ጉዱ ካሣ ራስጌ ቆሟል። ምንም የቀረኝ ነገር አልነበረም፤ መቋሚያውም መስቀሉም አለ። ቅዳሜና እሁድ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል በደንብ ሳልሸፍነው ሄጄ ሰኞ ስመለስ የበዛብህ ክንድ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት፤ እሱንም ጠግኜ በጀሶ አወጣሁት። መምህሩ "የመጽሐፍ ሽፋን" ያሉት ይህንኑ ነው።

ትክክል ነበሩ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ቢያየው ሦስት ያዘኑ ሰዎች ከማየት ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም። ያነበበ ሰው ደግሞ "አዎ፣ አስታወስኩት" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቅርጹ ለሁለቱም የጨመረላቸው ነገር አልነበረም። ደራሲው በብዙ መቶ ገጾች እያከማቸ ያመጣውን ሐዘን እኔ በአንድ ጀንበር ልበደር ሞከርኩ።

እዚህ ላይ ነው የክፍላችን ሁለት ጎራ የሚለየው። አንደኛው ወገን "ድሮስ! ሥነ ጽሑፍ ለቃል፣ ቅርጽ ለዓይን፤ የእኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ሰምና ወርቅ ነው፣ በድንጋይ አይገባም" ይላል። ሌላው ወገን "የጋራ ትዝታችን መጻሕፍቱ ናቸው፤ እነሱን ካልሠራን ምን ልንሠራ ነው?" ብሎ ይሞግታል። እኔ ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነገር ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው አባባል እኮ ወደ ቅኔ የሄደው ከአንጥረኛ ቤት ነው። ወርቅ አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል። የቀለጠው ወርቅ የሚፈስሰው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ነሐስ የሚያፈስ ቀራፂም ዛሬ ድረስ የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። እንግዲህ ቅኔው ቃሉን የተበደረው ከእኛ ሙያ ከሆነ "በቅርጽ አይገባም" ማለት ምን ማለት ነው? ይልቅስ ልብ ልንል የሚገባን ሰሙ መቅለጥ እንዳለበት ነው። የመጽሐፉ ታሪክ፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ ታዋቂው ትዕይንት፣ ይህ ሁሉ ሰም ነው። ያስፈልጋል፤ ያለሱ ቅርጹ አይያዝም። ካልቀለጠ ግን ወርቁ መግቢያ የለውም። በሁለተኛው ሥራዬ ላይ ያደረግኩት ሰሙን ራሱን ለገበያ ማቅረብ ነበር።

ለዚህ ከታሪክ ምስክር ልጥራ። ፈረንሳዊው ኦጉስት ሮዳን "የገሃነም በር" የሚባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1880 ፓሪስ ውስጥ ሊቋቋም ለታሰበ ሙዚየም በር እንዲሠራ ሲታዘዝ የተነሳው ከዳንቴ ግጥም ነበር። ሙዚየሙ በታሰበው ቦታ ሳይሠራ ቀረ፤ ሮዳን ግን በሩን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልፎ አልፎ ሲነካካው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሞት በነሐስ ፈስሶ አላየውም። ከበሩ አናት ላይ ተቀምጦ ወደ ታች የሚያየው ሰው መጀመሪያ ዳንቴ ራሱ ነበር። ዛሬ ግን ዓለም የሚያውቀው "አሳቢው" በሚለው ስም ነው፤ ዳንቴን አንድ መስመር እንኳ ያላነበበ ሰው ፊቱ ቆሞ ክብደቱ ይሰማዋል። "መሳሳም" የተባለውም ሥራ ከዚያው ግጥም ከተወሰዱ ሁለት ፍቅረኞች የመጣ ነው፤ ሮዳን ደስታው ከገሃነሙ ጋር አልሄድ ስላለው ከበሩ አውጥቶ ለብቻው አቆመው። ታማኝነቱ ለታሪኩ ሳይሆን ለሥራው ነበር ማለት ነው።

የደራሲው የባልዛክ ሐውልት ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች የበለጠ ያጽናናል። ትእዛዙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሮዳን ራቁቱን ሠራው፣ ወፍራም አድርጎ ሠራው፣ በባልዛክ የቀድሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ በነበረው ልክ ልብስ እስከ ማሰፋት ደረሰ። በመጨረሻ ይህን ሁሉ ጥናት በአንድ ረጅም ካባ ሸፈነውና ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፣ እንደ ዐለት የቆመ ነገር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሲያሳይ ያዘዘው የደራስያን ማኅበር አልቀበልም አለ። ሐውልቱ ፓሪስ ውስጥ በነሐስ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ቀራፂው ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ። እኔን የገረመኝ ውድቅ መደረጉ አይደለም። ያንን ሁሉ ዓመት ያጠናውን ነገር በካባ ለመሸፈን ድፍረት ማግኘቱ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሦስተኛውን ሙከራ ስጀምር አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰውነትን የሚጫነው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት ከፍቅረኞቹ ዘንድ ሳይሆን ከበዛብህ እናት ከውድነሽ ነው። ልጇ ቢተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ትሳላለች፤ ልጁ ይተርፋል፣ ስለቱ ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። በስለት ያዳነችውን ልጅ በስለት ታጣዋለች ማለት ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ ፊት አልነበረም፤ ጀርባ ነው።

ስለዚህ የአንዲት ሴት ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ሠራሁ። ጭንቅላት የለውም። በጀርባዋ ላይ አንቀልባ አለ፤ አንቀልባው ውስጥ ልጅ የለም። ችግሩ ባዶ አንቀልባ ቀላል መሆኑ ነው፤ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከአክስቴ የተዋስኩትን የቆዳ አንቀልባ አምጥቼ 5 ኪሎ አሸዋ በፌስታል ጨመርኩበትና አብራኝ የምትማር ጓደኛዬን አሳዘልኳት። ቆዳው እንዴት እንደሚወጠር፣ ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ የት እንደሚሰምጥ፣ ወገቧ እንዴት እንደሚጎብጥ እያየሁ በሸክላ ሠራሁ። በጀሶ ሳወጣው ውስጡን ክፍት ተውኩት። ስለዚህ ክብደቱ አለ፣ የሚከብደው ነገር ግን የለም። ርእስም አልሰጠሁትም።

ጥበቃው ጋሼ እንደ ልማዳቸው አመሻሽ ላይ መጡ። ዙሪያውን ዞሩት፤ ወደ ባዶው ጎንበስ ብለው አዩና "ልጁን የት አደረገችው?" አሉኝ። ውድነሽ ናት አላሉኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ክፍል ውስጥ ሲታይ አንዷ ተማሪ የሞተ ልጅ ነው አለች፤ ሌላው ለማደጎ የተሰጠ ነው አለ። መምህሩ ግን "መጽሐፉን አላየሁትም" አሉ። ውጤቴም መካከለኛ ነው፤ መቆሚያው ስለተጣመመብኝ ሥራው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እሱን አልከራከርም። "መጽሐፉን አላየሁትም" የሚለውን ግን እንደ ምስጋና ነው የቆጠርኩት። ባለፈው ጊዜ ያስቸገራቸው መጽሐፉን ብቻ ማየታቸው አልነበረም እንዴ?

ለማጠቃለል፣ ከልብ ወለድ መነሳትን መከልከል መድኃኒት አይሆንም። ተማሪው ከመጽሐፍ ቢከለከል ከፊልም ወይም ከፎቶግራፍ ሰም ያመጣል፤ ሳይቀልጥ ያቀርበዋል። ከክልከላው ይልቅ ሦስት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ከመጽሐፍ የሚነሳ ተማሪ መጽሐፉን ጨርሶ ማንበቡን ያሳይ፤ ምን እንደተወ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲገመገም መጀመሪያ ያለ ርእስና ያለ ማብራሪያ ይታይ። ሦስተኛ፣ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ሁለት ሰው ለግምገማው ይጋበዝ፤ እነሱ መጽሐፉን ይጠብቁልን፣ እኛ ቅርጹን እንጠብቅ።

አራተኛም አለኝ። በግምገማው ቀን በር የሚዘጉት ጋሼም ወንበር ይሰጣቸው። ከሁላችን በፊት የቅርጹን አቋቋም ያዩት እሳቸው ናቸው።

የማትስማሙ ካላችሁ፣ መምህሬን ጨምሮ፣ በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን እጠብቃለሁ።