ያለ ፈቃድ ዳኝነት የለም

በደሴና በኮምቦልቻ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው በቆሙበት፣ በአንድ ቤተ ዘመድም ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋልደው በሚኖሩበት አገር፣ የውርስ ክርክር በማን ፊት ይዳኝ የሚለው ጥያቄ ከቃለ ሕግ አልፎ የኑሮ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንዲት ተከራካሪ በሸሪዓ ፍርድ ቤት አልዳኝም እያለች የተፈረደባትንና በሰበርም ያልታረመላትን የውርስ ፍርድ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 መሠረት አድርጎ ሲሽር፣ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ሥልጣነ ዳኝነት ከተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚመነጭ መሆኑን አጸና። ይህ ውሳኔ ርትዓዊ ነው፤ ወድዶ በቃዲ ፊት የሚቆመውን ምእመን መብት ሳይነካ፣ ያልወደደውን ከግዴታ አድኗልና። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992፣ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረውን ሰው እንደ ፈቀደ ስለሚቆጥረው፣ ፊደል ያልቆጠረች መበለት ዝም በማለቷ ብቻ ሳታውቀው በዳኝነቱ ልትታሰር ትችላለች። ስለዚህ በወሎም ሆነ በሌላው አገር፣ መጥሪያ አድራሹ «አልፈቅድም» የማለት መብት እንዳላት አንብቦ ያሰማት፤ ዳኛውም ነገሩን ከመስማቱ አስቀድሞ ፈቃዷን ከአንደበቷ ጠይቆ በመዝገብ ያስፍር።